አዎ፣ አይደለም፣ አየር ላይ

ቁና ደግ ዕቃ ነበር። ሻጭም ገዥም ጎንበስ ብለው ውስጡን ያዩታል፤ ሞላ ሞላ ነው፣ ጎደለ ጎደለ ነው። ሰፋሪው እጁን ቀለል ካደረገ «ኧረ በዓይናችን ፊት!» ይባላል፤ ጠቡም እርቁም እዚያው ቁናው አፍ ላይ ያልቃል። ዲጂታል ሚዛን ከመጣ ወዲህ ግን ጠቡ የት እንደሚያልቅ ግራ ገብቶናል። ቀይ ቁጥር ይበራል፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ ብሩ ይቆጠራል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ጎንበስ ብለው የሚያዩበት አፍ ግን የለውም።

የዛሬው ወጋችን ስለዚህ አፍ ስለሌለው ዕቃ ነው። ስለ 20 ኪሎ ድንች፣ ስለ አንድ ልጅ ስም፣ እና በገዛ እጃችን ስለሠራናት አንዲት መርፌ። (ፖለቲካ ጠብቃችሁ ከመጣችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ብዙም አትርቁም።)

* * *

ነገሩ ወዲህ ነው። ዘመኑ 2003 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ጥርባ። ጥርባን ለማታውቁ፣ አዊ ዞን ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሸገር ላይ «አገራችሁ የት ነው?» ስንባል «እንጅባራ አካባቢ» እንላለን፤ ወዲያው «እህ፣ ፈረሶቹ!» ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ አዊና ፈረስ አይለያዩም። እኛ ግን የፈረስ ልጆች ሆነን ሳለ የሽቦ ነገር ለከፈን። ሦስት ነበርን። ኮሌጅ ገብተን ኤሌክትሮኒክስ ተማርን፤ ከዚያ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ሬዲዮ፣ ሞባይል፣ ሪሲቨር፣ የመጣውን ሁሉ መጠገን ጀመርን። ንብረታችን ጥቂት ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ መበየጃ እና አንድ ቢጫ መልቲሜትር ነበር። መልቲሜትሯን «ቴስተር» እንላታለን። ደንበኛ ሲመጣ ቴስተሯን አውጥቶ ሁለቱን ገመዶች መሰካት ራሱ ግማሽ ጥገና ነው። ቢፕ ስትል ሰው ያምናል።

አንድ ቀን አንድ የእህልና የድንች ነጋዴ ሚዛናቸውን በጋሪ አስጭነው መጡ። ኩንታል የሚያቆሙበት፣ ምሰሶ ያለው፣ አናቱ ላይ ቀይ ቁጥር የሚያበራ ዓይነት ነው።

«ልጆቼ፣ ይኼ ነገር አንዳንዴ መስመር ይበላል።»

«የምን መስመር ጋሼ?»

«ቁጥሩ ይጎመዳል እንጂ! መታ ሳደርገው ይመለሳል።»

ከፈትነው። ባትሪውን ለካን፤ ደህና ነው። ቺፖቹ የሚበሉትን 5 ቮልት ለካን፤ ደህና ነው። አበራነው፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ሙሉ ሆነው በሩ። አንዱ ጓደኛችን በላዩ ላይ ቆመ፤ ክብደቱን በትክክል ነገረው። እኛም የመካኒክ ሁሉ ቃል የሆነችውን ቃል ተናገርን፤ «ሰላም ነው ጋሼ። ባትሪው ደክሞት ይሆናል፤ ሳያልቅበት ቻርጅ ያድርጉት።» 50 ብር ተቀበልን። ምሳ በላንበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። «ችግሩን አላገኘነውም» እና «ችግር የለም» የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። እኛ የመጀመሪያውን አውቀን ሁለተኛውን ሸጥን።

* * *

በሳምንቱ ገበያ ዋለ። ከነጋዴው ዘንድ ኩንታል የሚያወጣና ቁጥሩን እየጮኸ የሚጠራ፣ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ ነበር። አንዲት እናት ድንች ይዘው መጡ። ጆንያው ሚዛኑ ላይ ዱብ አለ።

«ስድሳ ስድስት ተኩል!» አለ ልጁ።

«ምን?» አሉ እናትየዋ። «ኧረ በማርያም! ትናንት ማታ በዘመዴ ሱቅ፣ በብረት ሚዛን አስመዝኜው ሰማንያ ስድስት ተኩል ነበር። ሃያ ኪሎዬ በመንገድ ተነነ?»

ሰው ተሰበሰበ። ነጋዴው መጡና ጆንያው ወርዶ እንደገና እንዲወጣ አዘዙ። ወጣ። ሚዛኑ ፊት ላይ ቁልጭ ብሎ የበራው 86.5 ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ሚዛኑ ትክክል ከሆነ፣ እናትየዋም ትክክል ከሆኑ፣ የቀረው ልጁ ብቻ ነው። «ለማን ልታቆራርስ ነው አንተ ሌባ!» ተባለ። ጥፊ አረፈበት። ነጋዴው ደግሞ ስማቸው እንዳይጠፋ ለሕዝቡ መግለጫ ሰጡ፤ «ሚዛኑ በሳምንቱ ተፈትሿል! እነዚህ ልጆች አይተውታል፤ ሰላም ነው ብለዋል!» እያሉ ወደ እኛ ጠቆሙ። እኛም እዚያው ቆመን ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ራሳችንን ነቀነቅን። አዎ፣ ፈትሸነዋል።

ያን ራስ መነቅነቅ እስከ ዛሬ አንረሳውም። ቴስተራችን ያልመሰከረችውን እኛ መሰከርን።

* * *

ማታ ሱቅ ልንዘጋ ስንል ልጁ መጣ። አላለቀሰም። በሩ ላይ ቆሞ «ወንድሞቼ፣ እኔ ያየሁት ስድስት ነው» አለ። «ስምንትን ከስድስት አልለይም እንዴ? ቁጥር ስጠራ ነው የምውለው።»

ከእኛ አንዱ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ክብሪት በተነው። እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት። የሚዛን፣ የካልኩሌተር፣ የነዳጅ ማደያ ቁጥር ሁሉ የሚሠራው ከሰባት ዘንግ ነው። ስምንትን ለመሥራት ሰባቱም ያስፈልጋሉ። አሁን ከላይ በስተቀኝ ያለችውን አንዲት ዘንግ አንሡ። ምን ሆነ? ስድስት! ዘጠኝ ሠርታችሁ ያችኑ ዘንግ ብታነሡ ደግሞ አምስት ይሆናል። የሚገርመው ስድስትና አምስት ያችን ዘንግ ከመጀመሪያውም አይፈልጓትም፤ ብትጠፋም ምንም አይሆኑም። ስለዚህ 86.5 ላይ ያቺ ዘንግ ከሁሉም ቁጥሮች ብትጠፋ የሚቀረው ንጹሕ፣ ቆንጆ፣ የማያጠራጥር 66.5 ነው።

ሌሎቹ ቁጥሮች ቢሆኑ ኖሮ ይታወቅ ነበር። አንድ ግማሽ ይሆናል፣ ሰባት ይቆረጣል፣ ሁለት የማንም ፊደል አይመስልም። ነጋዴው «ቁጥሩ ይጎመዳል» ያሉት ይህንኑ ነው። ሲጎመድ መታ ያደርጉታል፣ ይመለሳል። ያን ቀን ግን ቁጥሩ አልጎመደም፤ ልብሱን ቀይሮ መጣ። ጆንያው ዱብ ሲል የሆነ ነገር ተላቀቀ፤ ሁለተኛ ሲወጣ ተመልሶ ገጠመ።

ልጁ ክብሪቷን ሦስት ጊዜ አነሣት፣ ሦስት ጊዜ መለሳት። ከዚያ «ታዲያ ይኼን ለጋሼ ማን ይነግርልኛል?» አለ። መልሱ ግልጽ ነበር፤ ራሱን የነቀነቀ ሰው ነው የሚናገረው።

* * *

ነጋዴው በቀላሉ አልሰሙንም። ክብሪት አሳየናቸው፤ «የክብሪት ጨዋታ!» አሉ። በመጨረሻ ገበያ በማይኖርበት ቀን ሚዛኑን ለአንድ ቀን ሰጡን። እኛም መታ መታ ስናደርገው ዘንጓ ጠፋች። ደስ አለን። (በሽታ ሲታይ የሚደሰት ጠጋኝና ሐኪም ብቻ ነው።)

ግን የት ነው የተቋረጠው? መንገዱ እንዲህ ነው፤ ቺፑ ትእዛዙን በአንድ እግሩ ያወጣል፣ ትእዛዙ በቦርዱ ላይ ባለ ቀጭን የመዳብ መስመር ይሄዳል፣ በአንዲት ሬዚስተር ያልፋል፣ ማሳያው ይደርሳል። ከሦስቱ አንዱ ነው። ቴስተራችንን አወጣን። እዚህ ላይ ቴስተሯ አፈረች።

ምክንያቱን እንንገራችሁ። የሚዛኑ ቁጥሮች ሁሉም አንድ ላይ የበሩ ይመስላሉ እንጂ እንደዚያ አይደለም። አንደኛው በርቶ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው፤ ዙሩ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ዓይናችን ቀርፋፋ ስለሆነ አንድ ላይ የበሩ ይመስለዋል። በዚያ መስመር ላይ የሚሄደውም ቋሚ ቮልት ሳይሆን ምት ነው፤ አዎ፣ አይደለም፣ አዎ፣ አይደለም። መልቲሜትር ደግሞ እንደ ዓይናችን ቀርፋፋ ነው፤ አማካዩን ነው የሚነግራችሁ። አንድ ሰው ኪሱ ውስጥ 5 ብር አለው፣ ሌላው ባዶውን ነው፤ መልቲሜትር «በነፍስ ወከፍ 2 ብር ከ50 አላችሁ» ይላል። (የነፍስ ወከፍ ገቢ አደገ የሚል ዜና ሰምታችሁ ኪሳችሁን የዳበሳችሁ ሰዎች ስሜቱን ታውቁታላችሁ።)

ዲጂታል ዕቃ በአማካይ አይገባውም። በ5 ቮልት የሚሠሩት፣ ቲቲኤል የሚባሉት የጥንቶቹ ቺፖች ሕግ አጭር ነው። መግቢያቸው ላይ ከ0.8 ቮልት በታች የሆነ «ዜሮ» ነው፤ ከ2 ቮልት በላይ የሆነ «አንድ» ነው፤ መካከሉ የማንም ግዛት አይደለም። ስለዚህ የሚያስፈልገው «ስንት ቮልት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሳይሆን «ዜሮ ነህ? አንድ ነህ? ወይስ እየተቀያየርክ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ዕቃ ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ አለ፤ ስሙ ሎጂክ ፕሮብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሪ ጎርደን የሚባል የሂውሌት ፓካርድ መሐንዲስ ነው የፈጠረው። ያን ጊዜ ቺፕ እየበዛ ነበር፤ ምት ለማየት ግን ኦሲሎስኮፕ የሚባለውን ከባድና ውድ ዕቃ መጎተት ግድ ነበር። ጎርደን ያመጣው ብዕር የምታክል፣ ጫፏ ሹል፣ እዚያው ጫፏ አጠገብ የሚበራ መብራት ያላት ዕቃ ነው። የቺፑን እግር ትነኩበታላችሁ፤ መብራቷ ትመልስላችኋለች። ዓይን ሊያያት የማትችል አጭር ምት ካለፈች ምቷን ሰብስባ፣ አርዝማ፣ ዓይን እስኪያያት ድረስ መብራቷን ታቆይላችኋለች። በኋላ እህቶችም መጡላት። አንዷ ራሷ ምት እየላከች «እስቲ ይመልስ እንደሆነ» የምትል ናት፤ ሌላዋ ቺፑን እንደ ልብስ መቆንጠጫ ነክሳ የእግሮቹን ሁሉ ሁኔታ በአንድ ጊዜ በመብራት የምታሳይ ናት።

ጥርባ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ግን አንድ መምህር ነበሩን። እሳቸው ባሕር ዳር ፖሊ የተማሩ ናቸው፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው ያ ትምህርት ቤት። ዕቃ ሲጠፋ «የለም» ማለት አይወዱም፤ «ምን አለ?» ነው የሚሉት። ሎጂክ ፕሮብን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በአንድ መስመር ስለውልን ነበር፤ ሁለት ትንንሽ ኤልኢዲ መብራቶች፣ ሁለት ሬዚስተሮች፣ አንድ ሹል ነገር፣ ሁለት ገመድ። ቀዩ መብራት ከፖዘቲቩ ወደ ጫፉ፣ አረንጓዴው ከጫፉ ወደ ኔጌቲቩ። ጫፉ ዜሮን ሲነካ ቀዩ ብቻ ይበራል፤ አንድን ሲነካ አረንጓዴው ብቻ ይበራል፤ ምት ሲነካ ሁለቱም ይበራሉ። መብራቶቹን ከተበላሸ የልጆች መጫወቻ አወጣን። ጫፉ የልብስ መርፌ ሆነ። እጀታውን በመጀመሪያ ከቢክ እስክርቢቶ ሠራነው፤ ስንበይድ ቀለጠ። አዊ ላይ ቀርከሃ መች ይጠፋል? ቀጭን ቀርከሃ ቆርጠን ሠራናት። ስሟንም «መርፌዋ» አልናት።

* * *

መርፌዋን ይዘን ገባን። የቺፑን እግር ነካን፤ ሁለቱም በሩ። ምት አለ! ቺፑ ደህና ነው። ማሳያው አጠገብ ያለውን እግር ነካን፤ ሁለቱም በሩ፣ አንዷ ደመቅ አንዷ ፈዘዝ ብላ። ምት እዚህም ደርሷል ማለት ነው። እንግዲህ ትእዛዙ እዚህ ድረስ ከደረሰና ዘንጓ ካልበራች የሞተው ማሳያው ራሱ ነው። አለቀ። ለነጋዴው ነገርናቸው፤ «ጋሼ፣ ማሳያው ሞቷል። እዚህ አይገኝም፤ አዲስ አበባ መርካቶ ማስፈለግ ነው፤ ካልሆነም ሙሉ ካርዱን መቀየር ነው።»

«ካርዱን መቀየር!» አሉ። «እናንተ ልጆች ትናንት ባትሪ ነው፣ ዛሬ ካርድ ነው፤ ነገ እኔንም ቀይሩኝ ልትሉ ነው።»

ቅር ቢለንም እውነታቸውን ነበር። ማታ ለመምህራችን ደወልን። ሁሉንም ነገርናቸው። ዝም ብለው አዳመጡና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁን።

«መርፌዋን አየር ላይ ስትይዟት ምን ታሳያለች?»

አየር ላይ? ማን አየር ላይ ይለካል? ገመዶቿን ሰካን፤ ጫፏን ምንም ሳናስነካ ያዝናት። ሁለቱም መብራቶች በርተዋል።

ስልኩን ይዘን ዝም አልን። እሳቸውም ዝም አሉ። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባን። ጫፉ ምንም ካልነካ ኤሌክትሪኩ ከፖዘቲቩ በቀዩ፣ ከቀዩ በአረንጓዴው አድርጎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሁለቱም ፈዘዝ ብለው ይበራሉ። ማለት፣ የእኛ መርፌ የምትሠራ መስመርና ከምንም ያልተገናኘች መስመር ለይታ አታውቅም። ዝምታና ጩኸት ለእርሷ አንድ ናቸው። የጎርደን ብዕር አምስት ሳንቲም በማታወጣ መርፌ የማይተካበት ምክንያት ይኸው ነበር፤ ደህና ሎጂክ ፕሮብ «ይህ ነገር ከምንም አልተገናኘም» ማለት ይችላል። በሙያው ቋንቋ «ተንሳፋፊ» ይሉታል። እኛ «አየር ላይ» አልነው።

«በሉ እንግዲህ» አሉን መምህራችን፣ «ዕቃውን ከመጠየቃችሁ በፊት የምትጠይቁበትን ዕቃ ጠይቁት። ዜሮ አስነኩት፣ አንድ አስነኩት፣ አየር አስነኩት። ምን እንደሚል እወቁና ከዚያ እመኑት።» ስልኩን ዘጉት።

* * *

በማግሥቱ ሚዛኑን እንደገና ከፈትነው። ልጁንም ጠራነው፤ ለነገሩ ሥራ ስላልነበረው ያለመጥራት ሳይመጣ አይቀርም ነበር። መርፌዋን እንደታዘዝነው በዜሮ፣ በአንድ፣ በአየር ፈተንናት። ከዚያ ቺፑን ነካን። ቀጥሎ ማሳያው አጠገብ ያለውን እግር ነካን፤ እኛ አቀርቅረን የመርፌዋን መብራት ስናፈጥ፣ ልጁ ከፊት ሆኖ የሚዛኑን ፊት ያያል።

«በራች!» አለ።

«ምኗ?»

«ዘንጓ! ስትነኩት በራች። ደብዘዝ ብላ፣ ግን በራች። ልቀቁት እስቲ… ጠፋች። ንኩት… በራች!»

ዞር ብለን አየን። እውነት ነው። በሁሉም ቁጥሮች ላይ ያች የጠፋችው ዘንግ እንደ ከሰል ፍም ደብዘዝ ብላ ትበራለች። ከመርፌዋ በኩል ያለፈችው ትንሿ ኤሌክትሪክ የሞተች የተባለችውን ዘንግ እያበራቻት ነው። እንግዲህ ማሳያው አልሞተም! ያን ቀን በነካነው ጊዜም በርታ ነበር ማለት ነው፤ እኛ ግን የመሣሪያችንን መብራት እያየን የዕቃውን ፊት አላየንም። ያየው ያን ፊት ሲያነብ የሚውለው ልጅ ነው፤ ሌባ የተባለው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ነበር። ቺፑ ደህና፣ ማሳያው ደህና፤ የቀረው መካከሉ ነው። ከቺፑ ተነሥተን በመስመሩ ላይ በመርፌዋ ነጥብ በነጥብ ሄድን። ዘንጓ ማብራት የጀመረችው ከሬዚስተሯ እግር ላይ ስንደርስ ነው። አጉሊ መነጽር አምጥተን አየን። እግሯ ከቦርዱ የተበየደበት ቦታ ዙሪያውን እንደ ፀጉር በቀጠነ ቀለበት ተሰንጥቋል። ኩንታል ዱብ ባለ ቁጥር ሲከፈት፣ ሲዘጋ የኖረ ስንጥቅ። መበየጃውን አጋልን፤ አንድ ጠብታ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። መታነው፣ ደበደብነው፣ አንዱ ጓደኛችን ዘለለበት። ስምንት ስምንት ሆኖ ቀረ።

* * *

50 ብራቸውን መለስንላቸው። ነጋዴው አልተቀበሉም ነበር፤ ኋላ ተቀበሉ። በቀጣዩ ገበያ ሚዛኑ ፊት ክብሪት ይዘን ቆምን፤ የጠየቀንን ሁሉ አሳየን። ነጋዴው ለልጁ በአደባባይ ይቅርታ አልጠየቁም፤ በእኛ አገር ታላቅ ታናሹን ይቅርታ መጠየቅ እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። ግን «ና ልጄ፣ ቁጥሩን ጥራ» አሉት። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያሉት። ሄዶ ጠራ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። ሁለት ነገር ግን አላለቀም። አንደኛው ስሙ ነው። የገበያው ልጆች «ስድሳ ስድስት» ብለው ስም አወጡለት፤ ሚዛኑ ከዳነ በኋላም ስሙ አልዳነም። የስም ስንጥቅ የሚበየድበት መሣሪያ እስካሁን አላገኘንም።

ሁለተኛው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ያቺ እናት ድንቻቸውን ቀድመው በብረት ሚዛን ባያስመዝኑት ኖሮ 66.5 ተከፍሏቸው «እሺ» ብለው ይሄዱ ነበር። ከእሳቸው በፊት ስንት ሰማንያ ስድሳ ሆኖ፣ ስንት ዘጠና ሃምሳ ሆኖ እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ሌባም አልነበረም። አንድ ስንጥቅ ብቻ ነበር፤ ከስንጥቁ በላይ ደግሞ «ሰላም ነው» ያልን ሦስት ልጆች።

* * *

እንግዲህ ለምን ይህን ሁሉ አወጋናችሁ? ዛሬ ሎጂክ ፕሮብ በርካሽ ይገኛል፤ ከኮምፒውተር ጋር ተሰክቶ ስምንት መስመሮችን በአንድ ጊዜ የሚመዘግብ የእጅ መዳፍ የማይሞላ ዕቃም አለ። የእኛ ቀርከሃ ሙዚየም እንኳ አይቀበላትም። ግን ዙሪያችንን ስናይ መርፌዋ ያሳየችን በሽታ አልጠፋም።

ዲጂታል ዕቃ እየበዛ ነው። መብራቱ በካርድ ቆጣሪ፣ ገንዘቡ በሞባይል፣ ሚዛኑ በቀይ ቁጥር ሆኗል። ሁሉም ከቁና የሚለዩበት ነገር አንድ ነው፤ ጎንበስ ብላችሁ ልታዩበት አፍ የላቸውም። ስለዚህ ሁለቱ ሲጣሉ፣ ማሽኑና ሰው፣ ፈጥነን ማሽኑን እናምናለን። ማሽኑ ስለማይሰርቅ ነው። አይሰርቅም፤ ይሰነጠቃል ግን። በሌላ በኩል ደግሞ ዕቃ ሲበላሽ «ካርዱን ቀይሩት» የሚል በሽታ አለብን፤ የት ላይ እንደተቋረጠ ሳንጠይቅ ሙሉውን መጣል። በሁለቱም መካከል ያለችው ትንሽ ጥያቄ ናት፤ እዚህ ደርሷል? አዎ። እዚህስ? አዎ። እዚህስ? አይ። በቃ፣ እዚህ ጋ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የምንፈራው ያን ሦስተኛውን መልስ ነው። አዎም አይደለምም ያልሆነውን። «እስኪ ነገ ተመለሱ»፣ «እናየዋለን»፣ «በሂደት ላይ ነው» የሚለውን መልስ ታውቁታላችሁ፤ ሁለቱም መብራት ይበራል፣ እኛም ነገሩ እየሠራ ይመስለናል። እየሠራ ይሆናል፤ ከምንም ሳይገናኝ አየር ላይ ተንጠልጥሎም ይሆናል። መለየት የሚቻለው መሣሪያችን ባዶውን ሲያዝ ምን እንደሚያሳይ ቀድመን ካወቅን ብቻ ነው። ለጋዜጣችሁም፣ ለፌስቡካችሁም፣ ለእኛም ጭምር ይሠራል።

ወላጆቻችን «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ። እኛ በተሰነጠቀ ሚዛን ሰው አሰፈርን። ስለዚህ አሁን ሱቃችን ውስጥ፣ ዕቃ ከመክፈታችን በፊት፣ መጀመሪያ መርፌዋን አየር ላይ እንይዛታለን። ደንበኛ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ሲለን «ራሳችንን እየፈተሽን ነው» እንላለን። አብዛኛው ይስቃል።

እስከዚያው ቤታችሁ ክብሪት ካለ ያችን ዘንግ አንሥታችሁ እዩአት። ቸር እንሰንብት።